ወገብ ለሚያማችሁ የጓሮ ባለቤቶች፦ የእጅ ጋሪ አመራረጥና አያያዝ

ይህን የምጽፈው ከቤታችሁ ጀርባ ትንሽም ብትሆን ጓሮ ላላችሁና ወገባችሁ «በቃኝ» ማለት ለጀመረባችሁ ነው። እኔ ስለ እጅ ጋሪ ማሰብ የጀመርኩት ወገቤ ከተጎዳ በኋላ ነበር። እናንተ ቀድማችሁ ብታስቡበት ብዙ ሕመምና ብዙ ብር ይተርፍላችኋል።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ጓሮዬ ሁለት ማንጎ፣ አንድ ሎሚ፣ በአጥሩ ሥር የተደረደረ ጌሾና ጥቂት የአትክልት መደብ አላት። በአስተማሪ ደመወዝ ለኖረ ቤተሰብ ይህች ጓሮ ቀላል ነገር አይደለችም፤ ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ቃሪያው፣ ጤና አዳሙ ከገበያ አይገዛም። ነገር ግን ጓሮ ሸክም አለው። ፍግ ይገባል፣ የረገፈ ቅጠል ይወጣል፣ ውሃ በመጣ ቀን ጀሪካን ይሞላል፣ ክረምት ሲቃረብ አፈር ከዚህ ተነሥቶ ወደዚያ ይዛወራል። ይህን ሁሉ ለዓመታት በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላሁ በጀርባዬና በእጄ ነበር የማመላልሰው።

ወገቤን የያዘኝ በግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር ፍጉን ላስገባ ስጣደፍ ነው። እርጥብ ፍግ የሞላ ማዳበሪያ ከመሬት አነሳሁና ወደ ግራ ዞር ስል ወገቤ ቀጥ ብሎ ቀረ። በማግስቱ ሕመሙ በመቀመጫዬ በኩል አልፎ እስከ ባቴ ወረደ። ሐኪሙ በታችኛው አከርካሪዬ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ከቦታው ወጣ ብሎ ነርቭ እንደተጫነ ነገረኝ። ቀዶ ሕክምና አላስፈለገኝም፤ በማስታገሻ፣ በፊዚዮቴራፒና በጊዜ ተሻለኝ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ፦ ከወገብ ሕመም ጋር እግራችሁ እየከዳችሁ ከሄደ፣ በጭናችሁ መካከል ከደነዘዛችሁ ወይም ሽንታችሁን መቆጣጠር ካቃታችሁ «ያልፋል» ብላችሁ አትደሩ። ያኔውኑ ሆስፒታል ሂዱ።

ከተሻለኝ በኋላ የተሰጠኝ ምክር «ከባድ ነገር እንዳያነሱ» የሚል ነበር። ከባድ ማለት ግን ስንት ነው? መልሱን ስፈልግ አንድ ቁጥር አገኘሁ። ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም፣ ሁሉም ነገር ሲመቻች፣ ማለትም ዕቃው ወደ ሰውነት ተጠግቶ፣ ወገብ ሳይጣመም፣ ጥሩ መያዣ ኖሮት፣ አንድ ሰው እንዲያነሳው የሚመክረው ከፍተኛ ክብደት 23 ኪሎ ግራም ነው። ይህም ለጤነኛ ሰው ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካናችን ሲሞላ ውሃው ብቻውን 20 ኪሎ ይሆናል፤ ለዚያውም በአንድ እጅ አንጠልጥለን፣ ወደ አንድ ጎን ተንጋደን ነው የምንሄደው። እርጥብ አፈርማ ይብሳል፤ አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል። የቀለም ባልዲ ሙሉ እርጥብ አፈር አንስታችሁ የምታውቁ የምለው ይገባችኋል።

ዘመድ ወዳጁ «ሲሚንቶ አስደፍተሽበት ተገላገዪ» ይለኝ ጀመር። ለደግ እንደሚሉት አውቃለሁ፤ ልቤ ግን እሺ አላለም። ማንጎዎቹን በእጄ ነው የተከልኳቸው። ስለዚህ ጓሮውን መተው ሳይሆን ሸክሙን ከወገቤ ማውረድ ነበር የፈለግሁት።

መጀመሪያ ቤት የገባው ከሕንፃ መሣሪያ መሸጫ የተገዛ፣ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ባለ አንድ ጎማ ካሪዮላ ነው። ባለቤቴ የመረጠው ትልቅ ስለሆነ ነበር፤ «አንዴ ሞልተሽ ትጨርሻለሽ» ብሎኝ። ጠንካራ ዕቃ ነው፤ ለተሠራበት ሥራ እንከን አይወጣለትም። ለኔ ግን አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ ዘርዘር አድርጌ የምነግራችሁ፣ ብዙ ሰው ይህንኑ ዓይነት ገዝቶ አጥር ሥር ሲያስቀምጠው ስላየሁ ነው።

አንደኛው ችግር መተላለፊያው ነው። ከግቢው በር ወደ ጓሮ የሚወስደው መንገድ በማድ ቤቱና በአጥሩ መካከል ያልፋል፤ መሃል ላይ ደግሞ የውሃ ቧንቧው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ቆሟል። የካሪዮላው ሆድ እንደምንም ያልፋል፤ እጀታው ግን ከሆዱ ይሰፋል፣ እጀታውን የጨበጠው እጅ ደግሞ ከእጀታው ይሰፋል። ባለፍኩ ቁጥር የጣቶቼ አንጓ ሸካራውን ግድግዳ እየጋጠ ይላጥ ነበር። ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ በመጀመሪያ የምትለኩት ጋሪውን አይደለም። ጋሪው የሚያልፍበትን መንገድ፣ እሱንም ከሁሉ በጠበበው ቦታ ለኩ፤ በር ካለ በሩ ተከፍቶ ከማጠፊያው እስከ መቃኑ ያለውን ለኩ። ከዚያ ላይ ለእያንዳንዱ እጃችሁ አራት አራት ጣት ቀንሱ። የቀረው ልክ የእጀታው ስፋት ነው።

ሁለተኛው ቁመቴ ነው። አጭር ሴት ነኝ። ካሪዮላውን እጄን ዘርግቼ ቀጥ ብዬ ስይዘው የኋላ እግሮቹ ከመሬት የሚነሱት በጣት ቢለካ ነው። ኮብል ድንጋዩ ላይ በወጣሁ ቁጥር እግሩ እየተንቀጫቀጨ ይያዝና እኔን ወደ ፊት ይደፋኛል። እግሩን ለማስለቀቅ ክርኔን አጥፌ፣ ትከሻዬን ሰቅዬ መግፋት ነበረብኝ፤ ያ ደግሞ ቀጥታ ወገብ ላይ ነው የሚወርደው። የእጅ ጋሪ ስትገዙ ባዶውን አንስታችሁ ሱቁ በር ላይ ወዲያ ወዲህ በሉ። ክንዳችሁ ሳይታጠፍ እግሩ ከመሬት በደንብ ካልተነሳ፣ ለናንተ የተሠራ አይደለም። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።

ሦስተኛው ትልቅነቱ ራሱ ነው። ለግንባታ የሚሸጡት ካሪዮላዎች ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ሊትር ይይዛሉ። 65 ሊትር እርጥብ አፈር ኩንታል ሊጠጋ ይችላል። ሰው ደግሞ ባዶ ቦታ እያየ መሙላቱን አይተውም፤ «ይቺን ብቻ» እያለ አካፋ ይጨምራል። የተትረፈረፈ ካሪዮላ ወደ ጎን ማዘንበል ሲጀምር ለማዳን መታገል ወገብ ላይ ጠንቅ ነው። እኔ የቃሪያው መደብ ጫፍ ላይ አንድ ጊዜ ታግዬው ለብዙ ቀናት ተኝቻለሁ። የሚያዘነብል ጋሪ ከያዛችሁ ልቀቁት። አፈር ተደፍቶ ይታፈሳል።

ነገሩ የተቃናው የካሪዮላው እግር ብየዳው ለቆ ሰፈራችን ወዳለ በያጅ ስወስደው ነው። ልጁ ከመበየዱ በፊት «እትዬ፣ እስቲ እንዴት እንደሚገፉት ያሳዩኝ» አለኝ። ገፋሁለት። ካሪዮላውን አስቁሞ አንድ የሲሚንቶ ከረጢት አሸዋ ከውስጡ፣ ወደ እጀታው ጠጋ አድርጎ አስቀመጠና «አንሡት» አለኝ፤ ከበደኝ። ያንኑ ከረጢት ወደ ጎማው ገፋ አድርጎ «አሁንስ?» አለ። ያው ከረጢት፣ ያው ካሪዮላ ሆኖ በግማሽ የቀለለ መሰለኝ። «እጅዎ የሚሸከመው ጎማው ያልተሸከመውን ነው» አለኝ። ያስተማረኝ ሒሳብ ነው፤ የሒሳብ አስተማሪዋ ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ ጓሮዬ ውስጥ ግን አስቤው አላውቅም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከጎማው መሃል እስከ እጃችሁ 120 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። 60 ኪሎ ጭነት መሃል ላይ፣ ከጎማው 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢቀመጥ፣ እጃችሁ ላይ የሚያርፈው ግማሹ፣ 30 ኪሎ ነው። ያው ጭነት ወደ ጎማው ተጠግቶ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን እጃችሁ የሚያነሳው 20 ኪሎ ብቻ ይሆናል። 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ደግሞ 10። ጋሪ ስትመርጡ እንግዲህ «ስንት ይይዛል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሆዱ ከጎማው ምን ያህል ርቋል ብላችሁ እዩ። አንዳንዱ ጋሪ ጎማው ከፊት ወጥቶ ሆዱ ወደ ገፊው ተንሸራቷል። ሸክሙን ለጎማ ትቶ ለሰው የሰጠ ጋሪ ነው፤ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት።

አንድ ጎማ ወይስ ሁለት? ይህን ሁሉም ይጠይቀኛል፤ መልሱ በግቢያችሁ መሬት ላይ ነው። ባለ ሁለት ጎማ ሜዳ ላይ አያዘነብልም፣ ጭነቱ ጎማዎቹ አናት ላይ ከተቀመጠ እጅ ላይ የሚያርፈው ጥቂት ነው፣ ስታቆሙትም በራሱ ይቆማል። ለወገብ ሕመምተኛና ለአዛውንት እሱ ይሻላል ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ። ጎኑ ግን ሰፊ ነው፤ በመደቦች መካከል ያለች ጠባብ መሄጃ ላይ አንዱ ጎማ ጎመኑን ይረግጣል። መሬቱ ወደ ጎን የሚያዘቀዝቅ ከሆነም ጋሪው አብሮ ያዘነብላል፤ ባለ አንዱን ግን እናንተው በክንዳችሁ ታቀኑታላችሁ። ባለ አንድ ጎማ በአንዲት ሳንቃ ላይ ያልፋል፣ በቆመበት ይዞራል። ግቢያችሁ ሜዳ ከሆነና መተላለፊያው ከፈቀደ ሁለት ጎማ፤ ጠባብና ጎርበጥባጣ ከሆነ አንድ ጎማ።

የኔ መተላለፊያ ለጠባብ ባለ ሁለት ጎማ የሚበቃ ሆኖ ስለተገኘ፣ ካሪዮላውን ግንባታ ለጀመረ ጎረቤት ሸጬ ያንኑ በያጅ አነስ ያለ ጋሪ አሠራሁት። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ የብስክሌት ጎማ እንደ ልብ ስለሚገኝ መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነበር። ትልቅ ጎማ ጉድጓድና ድንጋይ ላይ ሲሄድ ይቀላል፤ ጥቅሙ እውነት ነው። ችግሩ ቀጭን መሆኑ ላይ ነው። ክረምት ላይ የኛ ጥቁር መረሬ አፈር ሲረጥብ ቀጭን ጎማ ቢላ ሆኖ ይሰምጣል። ልጁም «ጭነት ይዞ ወደ ጎን ሲገፋ የጎማው ሽቦ (ራጁ) ይጣመማል» አለኝና የባጃጅ ጎማ እንድወስድ መከረኝ።

ይህን ጠቁሞኝ ብዙ ጣጣ አዳነኝ። የባለሦስት እግሩ ባጃጅ ጎማ ጎኑ ላይ 4.00-8 የሚል ጽሑፍ አለው፤ ወርዱ አራት ኢንች፣ ቸርኬው ስምንት ኢንች ማለት ነው። ብዙዎቹ ካሪዮላዎች የሚጠቀሙትም ይህንኑ ልክ ነው። የጋሪያችሁ ጎማ 4.00-8 ከሆነ ካላማዳሪው (የውስጥ ጎማው) ከማንኛውም የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ይገኛል፤ የተላጠ ጎማም በርካሽ ከባጃጅ ነጂ ይገዛል። በትንንሽ ደረቅ ፕላስቲክ ጎማ የሚመጡትን ጋሪዎች ግን ለሳሎን ወለል ካልሆነ አልመክርም፤ ጭቃ ውስጥ አይዞሩም፣ ሲሰበሩም ምትክ የላቸውም። ውስጡ ድፍን የሆነ ጎማ አይፈነዳም፤ በምትኩ ከባድ ነው፣ የመንገዱንም ምት ሁሉ ወደ እጅ ያስተላልፋል። የእጅ አንጓ ለሚያማችሁ አይሆንም።

አየር የሚሞላው ጎማ ጠላቱ እሾህ ነው። ጓሮዬ ያለው ሎሚ ሲገረዝ የሚወድቀው ቅርንጫፍ እሾሁ ከረገፈ በኋላም ለወራት አፈር ውስጥ ይቆያል፤ ቡጋንቪላም እንዲሁ ነው። ሎሚ በገረዝኩ ቀን አሁን ሸራ አንጥፌ እሱ ላይ አስወድቀዋለሁ። ካላማዳሪው ከተበሳ ብስክሌት የሚሠራ ልጅ በውሃ ሳፋ ነክሮ አረፋውን አይቶ በማስቲሽ ይለጥፍላችኋል። ከዚያ በፊት ግን የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን እንዲጠርግ ንገሩት፤ እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ አዲሱንም ይበሳዋል።

ጎሚስታ ዘንድ አየር ስታስሞሉ በተለይ ተጠንቀቁ። የትንሽ ጎማ ሆድ ትንሽ ስለሆነ የትልቁ መኪና ኮምፕረሰር በቅጽበት ያሳብጠዋል፤ ሲፈነዳ ሰው ይጎዳል። ስንት እንደሚሞላ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። የካሪዮላ ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው 30 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አካባቢ ነው። ጽሑፉን አንብባችሁ ለጎሚስታው ንገሩት፣ በትንሽ በትንሹ ይሙላው፣ ልጆች አጠገቡ አይቁሙ።

አጫጫኑን በተመለከተ ልማዴ ይህ ነው። ከባዱን ከሥር አስቀምጬ ከጎማው በላይ አሳርፋለሁ፤ ቅጠልና ገለባ ከላይ ነው። አፈር ከሆነ ከግማሽ አላሳልፍም፤ ውስጡን በቀይ ቀለም አስምሬበታለሁ፣ መስመሩ ከተሸፈነ አካፋው ይቆማል። ይህን ቀላል ነገር ሥሩት፣ ምክንያቱም ሥራ ሲጋጋል ሰው መጠኑን ይረሳል። ጀሪካን ሁለት እጭናለሁ፤ ክዳናቸው ጠብቆ፣ በገመድ ከጋሪው ጎን ጋር ታስረው። ጎዶሎ ጀሪካን ከሙሉው ይከፋል፤ ውሃው እየተንቦጫረቀ ጋሪውን ያናውጠዋል። ሙሉውን ጀሪካን ከመሬት አንስቶ ጋሪ ላይ መጫን ራሱ ሸክም ስለሆነ፣ ባዶውን ጭኜ ከቧንቧው በውሃ ጎማ እዚያው ጋሪው ላይ እሞላዋለሁ። ከሁሉ ምክሬ ይህችን ያዙልኝ። ሲራገፍም ውሃውን እዚያው ከጋሪው ላይ በጣሳ እየቀዱ ማጠጣት ነው።

ስታነሱት ከጉልበታችሁ እጠፉ እንጂ ከወገባችሁ አትጎንበሱ፤ ሁለቱንም እጀታ እኩል ያዙ፤ ሳትጠማዘዙ እግራችሁን አዙራችሁ ዙሩ። ከመጎተት መግፋት ለወገብ ይሻላል። የበር ደፍ ወይም ደረጃ ሲመጣ ግን ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጎማው ደፉን ለመውጣት ይቀለዋል። ቁልቁለት ላይ ጋሪው ሊያመልጥ ሲፈልግ እጀታውን ዝቅ አድርጉ፤ የኋላ እግሩ መሬት ይነካና ፍሬን ይሆናችኋል። ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ አትግፉ። በክረምት መሄጃው ላይ ሳንቃ አንጥፉ፤ መረሬ ጎማውና ብረቱ መካከል ገብቶ ከጠቀጠቀ ጎማው መዞሩን ትቶ መንሸራተት ነው። እንጨት ይዛችሁ ቶሎ ቶሎ ጥረጉት።

ማታ ስትጨርሱ እጠቡት። ፍግና አመድ ብረት ይበላሉ፤ ሲሚንቶ ያቦካ ሰው ተውሷችሁ ከሆነ ሳይደርቅ ይጠብ፣ ከደረቀ በኋላ በመዶሻ ሲመቱት ቀለሙ አብሮ ይነሳል። ከታጠበ በኋላ ውሃ እንዳያቁር ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ አቁሙት፤ እኔ ልጄ ላዩ ላይ ወጥታ ስለምትጫወት በገመድ አስሬዋለሁ፤ የቆመ ጋሪ ልጅ ላይ ይወድቃል። ኩሽኔታው ሲጮህ ግሪስ ቀቡት። ኮብል ላይ የሚሄድ ጋሪ ብሎኑ ስለሚላላ አልፎ አልፎ ዳዶውን በቁልፍ አጥብቁ። የተላጠ ቦታ ስታዩ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ሸርሽራችሁ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ቀቡት፤ ከክረምት በፊት እንጂ ከክረምት በኋላ አይሁን።

ለበያጅ ማዘዝ ለምትፈልጉ የኔ ልክ ይኸውላችሁ። ሆዱ 70 በ45 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 25፤ እስከ አፉ ቢሞላ 80 ሊትር አይሞላም፣ ቀዩ መስመር ግማሹ ላይ ነው። ሁለቱ ጎማዎች ከሆዱ ሥር፣ ከመሃሉ ጥቂት ወደ ኋላ ሳይሆን ጥቂት ወደ ፊት ናቸው፤ ወደ ኋላ ከሆኑ ጋሪው በአፍንጫው ይደፋል። ልጁ ባዶውንና የተጫነውን ሁለቴ ሞክሮ ነው የበየደው፤ እናንተም ከመበየዱ በፊት በሽቦ አሳስራችሁ አስሞክሩ። አካሉ ቱቦላሬ፣ ሆዱ ላሜራ፣ ከሥሩ ውሃ የሚያወጡ ሁለት ቀዳዳዎች ያሉት ነው። የእጀታውን ከፍታ በሜትር አልሰጣችሁም፤ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ክንዳችሁን ወደ ታች ልቀቁ፣ በያጁ የጣታችሁን አንጓ ቁመት ይለካ። ብየዳው መገጣጠሚያው ላይ ዙሪያውን የሞላ ይሁን፣ ነጥብ ነጥብ እያደረገ እንዳያልፈው። ቀለም ሳይቀባ በፊት ጭነት ጭናችሁበት ግፉት፤ የሚስተካከል ካለ የሚስተካከለው ያኔ ነው።